ድሪፍተርስ፦ ድምፁ የዘፋኞቹ፣ ስሙ የማኔጀሩ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ በኒው ዮርክ፣ በባልቲሞር፣ በቺካጎና በሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈሮች፣ አራት አምስት ሆነው በየመንገዱ ጥግ የሚዘፍኑ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነበር። የሙዚቃ መሣሪያ መግዣ ስለሌላቸው የመሣሪያውንም ሥራ በጉሮሯቸው ይሠሩታል። ወፍራም ድምፅ ያለው ከሥር ምቱን ይይዛል፤ ሁለት ሦስቱ ትርጉም አልባ ቃላት እየደጋገሙ ይቀበላሉ፤ መሪው ዜማውን ያወጣል፤ አንዱ ደግሞ ከሁሉም በላይ በቀጭኑ ይንሳፈፋል። ኋላ ዱ-ዎፕ የተባለው የሪትም ኤንድ ብሉዝ ስልት ይኸው ነው። መሠረቱ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ በተለይም የጎስፔል ኳርቴት ነው።

በ1948 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የባልቲሞሮቹ ኦሪዮልስ ያሳተሙት ሸክላ ሲሰማ ብዙዎች መንገዱን ተከተሉ። ፔንግዊንስ፣ ፍላሚንጎስ፣ ፋይቭ ሳቲንስ፣ ፕላተርስ እየተባለ ቡድን በቡድን ላይ ተፈለፈለ። ገንዘቡ ግን ወደ ዘፋኞቹ የሄደው ከስንት አንዴ ነው። በ1954 ኮርድስ የተባሉት ጥቁሮች ያወጡትን «ሽ-ቡም» ክሩ-ከትስ የተባሉ ነጮች ወዲያው ደግመው ዘፈኑትና ከዋናው በላይ ተሸጠ። ዝናም ቢሆን አያዛልቅም ነበር፤ በ13 ዓመቱ ዝነኛ የሆነው ዘፋኝ ፍራንኪ ላይመን በ25 ዓመቱ በሄሮይን ምክንያት ሞተ።

የዘርፉን ታሪክ ግን ከድሪፍተርስ በላይ የሚያሳይ ቡድን ያለ አይመስለኝም። ክላይድ ማክፋተር በቤተ ክርስቲያን የተገራ ቀጭን ድምፅ ነበረው። በ1953 ከዶሚኖስ ቡድን ሲወጣ የአትላንቲክ ሸክላ አሳታሚ መሥራች አህመት ኤርተገን አፈላልጎ አስፈረመውና ድሪፍተርስ ተመሠረተ። «መኒ ሃኒ» የተባለው ዘፈናቸው በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ላይ 11 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። የቡድኑን ጥበብ በአንድ ሸክላ መስማት የሚፈልግ የ1954ቱን «ዋይት ክሪስማስ» ያድምጥ። ቢል ፒንክኒ በወፍራም ድምፁ ይጀምርና ዜማውን ያለ ጥድፊያ ይዘልቀዋል፤ ከዚያ ማክፋተር ከላይ እየተንቀጠቀጠ ይቀበለዋል። ያው ዜማ በሁለቱ አፍ ሁለት ዘፈን ይሆናል።

ማክፋተር ለውትድርና ተጠራ፤ ከዚያም ለብቻው ለመዝፈን ሲወስን በቡድኑ ስም ላይ የነበረውን ድርሻ ለማኔጀሩ ለጆርጅ ትሬድዌል ሸጠ። ከዚህ ፊርማ በኋላ ድሪፍተርስ የትሬድዌል ንብረት፣ ዘፋኞቹ ደግሞ ደመወዝተኞች ሆኑ። ፒንክኒ ጭማሪ ቢጠይቅ ተባረረ። በ1958 ትሬድዌል ሁሉንም በአንድ ጊዜ አሰናበታቸው። ከሃርለሙ አፖሎ ቲያትር ጋር የገባው ውል ግን ገና ስላላለቀ ፋይቭ ክራውንስ የተባሉ ሌሎች ልጆች አመጣና ድሪፍተርስ አላቸው።

በጭካኔ ከተተካው ቡድን ድንቅ ሥራ መውጣቱ ያስገርመኛል። ከአዲሶቹ አንዱ፣ ቤን ኢ. ኪንግ፣ በ1959 የዘፈነውን «ዜር ጎዝ ማይ ቤቢ» ፕሮዲውሰሮቹ ላይበርና ስቶለር በቫዮሊን አጅበው ቀረጹት። የአትላንቲኩ ጄሪ ዌክስለር በሁለት ጣቢያዎች መካከል የተያዘ ሬዲዮ ይመስላል ብሎ ጠላው። ሸክላው ግን በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ፤ ለሶል ሙዚቃም በር ከፈተ። በ1960 «ሴቭ ዘ ላስት ዳንስ ፎር ሚ» አንደኛ ወጣ። ከደራሲዎቹ አንዱ ዶክ ፖመስ በልጅነቱ በፖሊዮ የተጠቃ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ነበር። የዳንስ ዘፈን ከእንዲህ ያለ ሰው እጅ መውጣቱን ካወቅሁ በኋላ ዘፈኑን እንደ ቀድሞው መስማት አልቻልኩም።

ኪንግም በክፍያ ተጣልቶ ወጣ። ተተኪው ሩዲ ሉዊስ «አፕ ኦን ዘ ሩፍ»ንና «ኦን ብሮድዌይ»ን ዘፈነ። በሜይ 1964፣ ቀረጻ በተያዘለት ዋዜማ ሞተ። ቀረጻው ግን አልተሰረዘም፤ ጆኒ ሙር በእሱ ቦታ ቆሞ «አንደር ዘ ቦርድዎክ»ን ዘፈነ። ትሬድዌል በ1967 ሲሞት የቡድኑ ስም ለሚስቱ ለፌይ ተላለፈ፤ እሷም በ1970ዎቹ ቡድኑን ብሪታንያ ወስዳ እንደገና ዝና አተረፈችበት። ፒንክኒ በበኩሉ «ኦሪጅናል ድሪፍተርስ» ብሎ በአሜሪካ ይዞር ነበር። ማክፋተር በ1972 በ39 ዓመቱ አረፈ።

በሌሎች ቡድኖችም ስም በአንድም ሸክላ ላይ ያልዘፈኑ ሰዎች መድረክ ላይ ይወጡ ስለነበር፣ ከ2000ዎቹ ወዲህ ከ30 በላይ የአሜሪካ ግዛቶች ይህንን የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል። በዚህ ሕግ መሠረት በቡድን ስም ለመዝፈን ቢያንስ አንድ በሸክላው ላይ የዘፈነ ሰው ሊኖር ይገባል። ሆኖም ስሙን በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበ ባለቤት ከግዴታው ነፃ ነው። ስለዚህ ሕጉ አጭበርባሪን ቢያስቆምም፣ እንደ ትሬድዌል በፊርማ የገዛውን ሰው አይነካም።