ከፊልሙ ዕድሜ የረዘመ ዜማ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1981፣ ቦታው በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት የምትገኘው የሬኖ ከተማ። ድምፃዊት ዳያና ሮስ በታሆ ሐይቅ ዳርቻ የነበራትን የመድረክ ዝግጅት ፈጽማ መጣች። ላየነል ሪቺም በሎስ አንጀለስ ለኬኒ ሮጀርስ የሚያዘጋጀውን አልበም ለጊዜው አቆይቶ ደረሰ። የሁለቱም ቀን በሥራ የተያዘ ስለነበር ከሌሊቱ በቀር የሚገናኙበት ሰዓት አልተገኘም፤ ሬኖም የተመረጠችው ለሮስ መድረክ ቅርብ በመሆኗ ነው። ጎሕ ሳይቀድ የሁለቱ ድምፅ በአንድ ዜማ ተዋሕዶ ተቀረጸ።

ያ ዜማ «ኤንድለስ ላቭ»፣ ማለትም «ማለቂያ የሌለው ፍቅር» የተሰኘው የጥንድ ዘፈን ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ከዚያም ለዘጠኝ ተከታታይ ሳምንታት ስፍራውን አልለቀቀም። ዛሬም ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ ለፊልም ከተሠሩ የጥንድ ዘፈኖች ሁሉ ቀድሞ ስሙ ከሚነሣው መካከል ነው። የተሠራለት ፊልም ግን ይህን ያህል ዕድሜ አላገኘም።

የዘፈኑ አጀማመር ከፍጻሜው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ፍራንኮ ዜፊሬሊ እ.ኤ.አ. በ1968 የሼክስፒርን «ሮሚዮና ጁልየት» ለፊልም አብቅቶ ዝና ያተረፈ ሰው ነበር። አሁን ደግሞ የስኮት ስፔንሰርን ልብ ወለድ መነሻ በማድረግ የሁለት ወጣቶችን ፍቅር የሚተርክ ፊልም ይዞ ነበር። ከሪቺ የፈለገው ግጥም አልነበረም፤ እንደ «ላቭ ስቶሪ» ፊልም ማጀቢያ ሁሉ ቃል የሌለው በመሣሪያ ብቻ የሚሰማ ዜማ ነበር። ሪቺ ዜማውን አዘጋጅቶ ካቀረበ በኋላ የዳይሬክተሩ ሐሳብ ተለወጠና ግጥም ይጨመርበት አለ። ግጥሙ ተጻፈ። ጥቂት ቆይቶም ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ የሴት ድምፅ ይግባበት፣ ድምፁም የዳያና ሮስ ይሁን የሚል። ቃል አልባ ሆኖ የተጠየቀው ማጀቢያ በዚህ መንገድ የሁለት ሰዎች ምልልስ ሆነ።

ፊልሙ በሐምሌ 1981 ለተመልካች ቀረበ። መሪ ተዋናይቷ በወቅቱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረችው ብሩክ ሺልድስ ነበረች፤ በኋላ ዓለም ያወቀው ቶም ክሩዝም በአነስተኛ ሚና ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም የታየው በዚሁ ሥራ ነው። የፊልም ሐያሲዎች ግን በጎ ፊት አላሳዩትም። ልብ ወለዱ ፍቅር ወደ እብደት ሲለወጥ የሚያመጣውን ጥፋት የሚመረምር ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ፊልሙ ያንን ጥልቀት አለዝቦታል የሚል ነቀፌታ በረታበት። ዘፈኑ ግን ከነቀፌታው ተርፎ ለኦስካር ሽልማት ታጨ። በመጋቢት 1982 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ሁለቱ ድምፃውያን በመድረክ ተጫወቱት፤ ሽልማቱን የወሰደው ግን «አርተር» ከተባለው ፊልም የወጣው ዘፈን ነበር።

የዘፈኑ ኃይል የት እንዳለ ለመረዳት አወቃቀሩን ማድመጥ ይበቃል። አጀማመሩ ጸጥ ያለ ነው። የወንዱ ድምፅ ብቻውን ይነሣል፤ ሴቷ ቆይታ ትቀበለዋለች፤ ከዚያም እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ሁለቱ ድምፆች በአንድነት የሚወጡት እርስ በርስ ከተደማመጡ በኋላ ነው። ሪቺ ድምፁን አያጎላም፤ ሮስም ስስና ለስላሳ ድምፅዋን ከእርሱ በላይ ለማሰማት አትሽቀዳደምም። የጥንድ ዘፈን ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ዘፋኞቹ በሚፎካከሩበት ጊዜ ነው። በዚህ ሥራ ግን አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቃል። ፊልሙ በሁለት ሰዓት ያህል ታሪክ ሊያሳምን ያልቻለውን መተሳሰብ ዘፈኑ በአራት ደቂቃ ገደማ ያሰማል።

ለሁለቱ ባለሙያዎች ያ ሌሊት የመለያያ ዋዜማም ነበር። ዳያና ሮስ ከሱፕሪምስ ቡድን ጀምሮ ያደገችበትን ሞታውን ኩባንያ ትታ ወደ አርሲኤ እየተሻገረች ነበር። ዘፈኑ ከሱፕሪምስ ጋር የሠራቻቸው ተቆጥረው በአሜሪካ አንደኛ የሆነላት 18ኛው ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በስሟ የወጣ ሌላ ዘፈን ያንን ስፍራ አልያዘም። ሪቺም በአላባማዋ ተስኪጊ በተማሪነቱ ከባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው የኮሞዶርስ ባንድ አባል እንደነበረ ነው ይህን የሠራው። የዘፈኑ ስኬት ብቻውን መቆም እንደሚችል አሳየ፤ በቀጣዩ ዓመት ከባንዱ ወጥቶ የመጀመሪያ የግል አልበሙን አሳተመ። ስለማያልቅ ፍቅር የሚያዜመው ሥራ ለአንዷ የረጅም ቤት መልቀቂያ፣ ለሌላው ከጓደኞች መሰነባበቻ ሆነ።

ሁለቱ ድምፃውያን ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ ሌሊት በአንድ ስቱዲዮ ተገኙ። የዚያ ሌሊት ጉዳይ ደግሞ ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚመለከት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎንና ትግራይን በመታበት ጊዜ የቆረም መጠለያ ምስል በቴሌቪዥን ዓለምን አዳርሶ ነበር። ባቲና አንባሰል ለዜማ ቅኝቶች ስማቸውን ያወረሱባት ወሎ በዚያ ዓመት የምትሰማው እንጉርጉሮ ብቻ ነበር። በሃሪ ቤላፎንቴ አነሣሽነት የአሜሪካ ሙዚቀኞች ተሰባሰቡ፤ «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተባለውን ዘፈን የደረሱት ላየነል ሪቺና ማይክል ጃክሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1985 ሌሊት በሆሊውድ በተካሄደው ቀረጻ ከ40 በላይ ዝነኞች ተገኙ፤ ዳያና ሮስም አንዷ ነበረች። ሥራው እስከ ንጋት ዘለቀ። በስፍራው የነበሩ ሰዎች በኋላ እንደተናገሩት፣ ሌሎቹ ሲበተኑ ሮስ ሌሊቱ ባያልቅ እየተመኘች አልቅሳለች። ከዘፈኑ ሽያጭና ተያያዥ ገቢዎች ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለረሃቡ መርጃና ለሌሎች በጎ ሥራዎች ተሰበሰበ። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሚኖሩት የወሎ ልጆች የዚያን ዘመን ታሪክ ከወላጆቻቸው አንደበት ሰምተው ያደጉ ብዙዎች ናቸው።

የሪቺ ዜማዎች በዐረቡ ዓለምም ሰፊ አድማጭ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ሊቢያን የደበደቡበት 20ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ትሪፖሊ ላይ መድረክ ወጥቶ የዘፈነው ይኸው አሜሪካዊ ነበር። እንግሊዝኛ የማያውቅ አድማጭ ቃሉን ባይረዳም የዜማውን ርጋታ ይረዳል። ይህም ዜፊሬሊ በመጀመሪያ የጠየቀው ቃል የሌለው ማጀቢያ በዘፈኑ ውስጥ ዛሬም እንዳለ ያሳያል።

«ኤንድለስ ላቭ» ከዚያ ወዲህ በሌሎች ድምፆችም ተሰምቷል። ሉተር ቫንድሮስና ማራያ ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1994 በድጋሚ ተጫውተውት በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። ልብ ወለዱም በ2014 እንደገና ለፊልም በቅቷል፤ ይሁን እንጂ ርእሱ በተነሣ ቁጥር ከምስል ይልቅ በአድማጭ ጆሮ የሚመጣው የ1981ዱ ዜማ ነው። ሁለት የደከሙ ሰዎች ከየሥራቸው ተነሥተው፣ እንቅልፋቸውን ትተው፣ በሬኖ ሌሊት ተደማምጠው የሠሩት ሥራ የታዘዘለትን ፊልም አልፎ ሄደ።