ዝገቱ ይውጣ፣ ክሮሙ ይቅር

የጉለሌ ክረምት ለብረት አይራራም። ከእንጦጦ ሥር፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ በቆርቆሮ ቤት ወለል ላይ የከረመ ድራም መስከረም ሲጠባ ቆዳውን የሚወጥረው ቀለበት፣ ሪሙ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ብሎኑም ነክሶ ይገኛል። ወደ እኔ የሚመጣው ያኔ ነው።

በተለይ የምሳሳው ለአሮጌው ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ካሰሙት ማርሽ አንስቶ፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች እስከ ገነኑበት ዘመን ድረስ ይህች ከተማ ስንቱን ድራም አስተናግዳለች። ከዚያ ዘመን ለተረፈው ግን መለዋወጫ ማግኘት ጭንቅ ነው። ብሎኑ የሚገባበት ለግ አንዴ ከተበላሸ ምትኩን ፍለጋ መንከራተት ነው።

ስለዚህ አስቀድሜ ማግኔት አስጠጋለሁ። አጥብቆ ከያዘ ከክሮሙ ሥር ያለው ብረት ነው፤ ካልያዘ ነሐስ ወይም የዚንክ ቅልቅል ነው። ብዙ የድሮ ለጎች ከዚንክ ተቀድተው ክሮም የተለበጡ ናቸው። ዝገት የሚያስለቅቀውን ሎሚ ብረቱ ለጥቂት ደቂቃ ይችላል፤ ዚንኩን ግን ሎሚው ራሱ ይበላዋል። ለእሱ ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ብዙ ሰው ብርጭቆ ወረቀት ያነሳል። እባካችሁ ተዉት። የክሮሙ ውፍረት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም፤ ከተፋቀ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል፣ በከርሞው ክረምት ዝገቱ ብሶ ይመለሳል። ክሮም ራሱ አይዝግም፤ የምናየው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ከሥር የወጣውን ነው። እኔ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨምድጄ፣ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ በቀስታ አሻለሁ። አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል፣ ልባጡን አይጭርም። የተቦረቦረው ነጥብ ይቀራል፤ ይቅር፣ ዕድሜው ነው።

የነከሰ ብሎን በጉልበት ከታገሉት ይቆረጣል። የሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጌ አሳድረዋለሁ። በአንዳንድ የድሮ ለግ ውስጥ ሞላ አለ፤ እንዳይንኳኳ የተጠቀጠቀው ጨርቅ እርጥበት ስለሚይዝ በደረቅ እለውጠዋለሁ። የታጠበው ሁሉ በደንብ ሳይደርቅ እንጨቱ ላይ አይመለስም።

ባለ ድራሞች፣ ሰኔ ሳይገባ ድራማችሁን ከወለል አንሱት፣ በአቡጀዲም ሸፍኑት። ላስቲክ አታልብሱት፤ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል። ይህች ጥንቃቄ ከእኔ እጅ የበለጠ ድራም ታተርፋለች።