አንድ ዓመት የተጨመረለት ኮክ

ክርስቲያን የሆነ ሰው እምነትህን የት አገኘኸው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሰው ቤተ ክርስቲያኑን፥ የንስሐ አባቱን ወይም ያነበበውን መጽሐፍ ነው። ጓሮ ውስጥ አገኘሁት የሚል ቢኖር ግን አድማጩ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኛም በዩኒቨርሲቲ የዕፀዋትን ትምህርት ተምረን የወጣን ስለሆንን፥ ጓሮን የምናውቀው በአፈሩ፥ በፍጉ፥ በተባዩና በምርቱ መጠን ነበር። ዛሬ ለአንባብያን የምናጫውተው ትምህርታችን ሊደርስበት ስላልቻለ አንድ የጓሮ ጉዳይ ነው።

የወላጆቻችን ቤት በአዲስ አበባ ዳር የሚገኝ ሲሆን፥ ጓሮው ከአንድ መካከለኛ ሳሎን ብዙ አይሰፋም። ለቡና ጤና አዳም፥ ለሽሮና ለቅቤ በሶብላና ኮሰረት፥ በአጥሩ ጥግ ሁለት እግር ጌሾ፥ ከዚያም አንድ መደብ የሐበሻ ጎመን አለበት። እናታችን ጎመኑን ሁሉ ቀንጥሰው አይጨርሱትም፤ ጥቂቱን ለዘር ይተዉታል፤ በእርሳቸው ቤት ምጣድ የሚታሰሰው በጎመን ዘር ብቻ ነውና። ወንጌል ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት የሚናገረውን ምሳሌ ሰምቶ፥ በኋላ የጎመን ዘር በመዳፉ ያፈሰ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የሐበሻ ጎመን ራሱ ጥቁር ሰናፍጭ ከጥቅል ጎመን ዘመድ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ተክል ነው። ይህን ከተማርንበት ከተማ ስንመለስ በደስታ ለእናታችን ብንነግራቸው፥ «እና?» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቈጣጠርም ከጓሮ ብዙ የራቀ አይደለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ተብለው፥ የእመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደድ በአበባው ወራት ይታሰባል። በቅዳሴው መካከልም ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ ይጸለያል። ይህን ጸሎት ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማነው አድገናል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ልብ ብለነው አናውቅም ነበር።

ወደ ኮኩ እንመለስ። አባታችን ይህን ዛፍ በ1997 ዓ.ም. ከዘር የተከሉት በገዛ እጃቸው ነው። ከዘር የበቀለ ኮክ በሦስት ወይም በአራት ዓመቱ ማፍራት ሲገባው፥ ይኸኛው እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ቅጠል ከማብዛት በቀር አንድ ፍሬ አልሰጠም። በዚያው ዓመት መጋቢት የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን በመግባቱ ትምህርት ተቋረጠና እኛም ወደ ቤት ተመለስን። አባታችን ደግሞ በልብ ሕመም ከሥራ ከወጡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። ቀን ቀን ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ጓሮ ይወጡና ዱካ ላይ ተቀምጠው ዛፉን ትኵር ብለው ይመለከቱታል። አንድ ቀን ከዘራቸውን ወደ ግንዱ ቀስረው፥ «የማያፈራ እንጨት ቦታ ከማጣበብ በቀር ምን ያደርጋል? ይቈረጥ» አሉ። ስለ ማን እንደሚናገሩ ሁላችንም አውቀን ዝም አልን።

ዝም ያላሉት እናታችን ብቻ ናቸው። «ዘንድሮን ተወው፤ እኔ ዙሪያውን እኰተኵታለሁ፥ ፍግም አደርግለታለሁ» አሏቸው። አባታችን የሉቃስን ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ በደንብ ያውቁ ስለ ነበር፥ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ገባቸው። በዚያ ምሳሌ የወይኑ አትክልት ጌታ ሦስት ዓመት ፍሬ ያጣባትን በለስ ቍረጣት ሲል፥ ሠራተኛው ነው አንድ ዓመት የለመነላት። አባታችን ጥቂት ቈይተው፥ «እሺ፤ እስከሚመጣው ፋሲካ» አሉ።

በዚህ መካከል እኛ ዕውቀታችንን ይዘን ገባን። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት በበቀለ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ሳይገረዝ የኖረ ዛፍ አሮጌ እንጨቱ ይበዛና አዲሱ ይቀጭጫል። የጎረቤት ግንብም ፀሐዩን ከልሎበታል። ይህን ብናስረዳ አባታችን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርታችንን ያደነቁ መሰሉ። መጋዙን ለእኛ ሰጥተው በከዘራቸው እያመለከቱ ያስገረዙን ጀመር። እርግጥ እኛ ቍረጡ ከምንላቸው ቅርንጫፎች ግማሹን አስቀሩት።

የዚያ ዓመት ሰሞነ ሕማማት የማይረሳ ነው። ምእመናን በየቤታችሁ ጸልዩ ስለ ተባለ፥ ሚያዝያ 9 ቀን የስቅለቱን ስግደት የሰገድነው በጎመኑ መደብና በጌሾው መካከል ሰሌን አንጥፈን፥ ቴሌቪዥኑን በመስኮቱ በኩል እያዳመጥን ነበር። አባታችን መስገድ ስለማይችሉ ከኮኩ ሥር ተቀምጠው በመቍጠሪያቸው ይቈጥሩልን ነበር፤ ታናሽ እኅታችን አጭበርብራ ስትነሣም «አልተቈጠረም» ይሏታል። እርሷም በፈንታዋ ማታ የወይራ ቅርንጫፍ አምጥታ ጥብጠባውን እናቴ ታድርግልን ብትል፥ እናታችን «የካህን ሥራ ነው፤ በቤት አይቀለድበትም» ብለው ቈጧት። በማግስቱ በቀዳም ሥዑር ግን ከቦዩ ዳር ቄጤማ ቈርጠው መጡና በየራሳችን ላይ አሰሩልን። ከካህን እጅ ያልተቀበልነው ቄጤማ ነውና እንደ ሥርዓቱ አይደለም፤ እርሳቸውም ይህን ያውቁታል። በአባታችን ግንባር ላይ ሲያስሩት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባታችን በኅዳር 2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ እናታችን ወደ ጓሮ አልወጡም። ጎመኑን አረም ዋጠው፤ ኮሰረቱ ደረቀ፤ ምጣዱም በተገዛ ዘይት ታሰሰ። እኛም በበኩላችን መጽሐፍ ዘርግተን እንቀመጣለን እንጂ አናነብም ነበር። ጸሎትም እንደዚሁ፤ አፋችን ይላል፥ ልባችን ግን አይከተልም። የአርባ ቀኑ ተዝካር ወጥቶ እንግዳው ሁሉ በተመለሰ ማግስት፥ ጠዋት በእንቅልፍ ላይ ሳለን የመኰትኰቻ ድምፅ ሰማን። እናታችን ጥቍር ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ከኮኩ ሥር ጐንበስ ብለው ይኰተኵታሉ። ይተዉት፥ ይረፉ ብንላቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፥ «ዓመቱ ገና አላለቀም» አሉን።

ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ፋሲካ ሆነ። በኮኩ ላይ አንድም ፍሬ አልነበረም። ከምሳ በኋላ እኅታችን፥ ተንኰል ሳይኖርባት፥ በውላቸው መሠረት መቈረጡ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሁላችን ደነገጥን። እናታችን ግን ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁና፥ «ቍረጡ ያለው ሰው ተነሥቶ ይቍረጠዋ!» አሉ። ስለ ትንሣኤ ሙታን በሰንበት ትምህርት ቤትም በስብከትም ብዙ ሰምተናል። እንዲህ ዶሮ ወጥ በተበላበት ገበታ ላይ፥ ዕቃ ይዞ እንደሚመለስ ጎረቤት ተቈጥሮ ሲነገር ግን ሰምተን አናውቅም። በዚያች ሰዓት እኛም አመንን። ከዚያ በፊት አምነን እንደ ነበር አሁን እርግጠኛ አይደለንም።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኮኩ ዘጠኝ ፍሬ ያዘ። አራቱን በረዶ አረገፋቸው፤ ከቀሩት አምስት ውስጥ ሁለቱ ትል ነበረባቸው፤ የሦስቱም ጣዕም ኮምጠጥ ያለ ነው። መግረዛችን ሠርቷል ብንል ሐሰት አይሆንብንም። እኅታችን በበኩሏ፥ «እማዬ፥ እንግዲህ ጸሎትሽ ተሰማ ማለት ነው» አለቻቸው። እናታችን ትሉን በቢላዋ ጫፍ እያወጡ፥ «ለእንጨቱ የለመንሁ መሰለሽ?» አሏትና ዝም አሉ። ያን ቀን ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ኋላ ወንጌሉን ከፍተን ያንን ምሳሌ እንደ ገና ስናነበው አንድ ነገር አስተዋልን። በለሲቱ በመጨረሻ አፈራች ወይስ ተቈረጠች፥ አልተነገረም። ታሪኩ የሚያቆመው ሠራተኛው ሲለምን ነው፤ ጌታውም ምን እንደ መለሰ አልተጻፈም። ደግመን ደጋግመን ሰምተነው ስናበቃ ይህ እንዴት እንዳመለጠን ይገርመናል። እናታችንን ብንጠይቃቸው ግን አልገረማቸውም፤ የዚያ ሠራተኛ ሥራ መኰትኰት ነው አሉ፥ ሌላው የእርሱ አይደለም።

ከአምስቱ ፍሬ ዘር ሁለቱ በቀሉ። አንዱን ግንቡን የሠሩት ጎረቤታችን ለምነው ወሰዱት። ሁለተኛው ዛሬም በቅቤ ቆርቆሮ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ጓሮው ጠቦ ቦታ አልተገኘለትም፤ እናታችን ግን ጠዋት ጠዋት የቡናውን እጣቢ ለእርሱ ማፍሰሱን አልተዉም።