የምስል ስብሰባ ገበያ፦ ዕቃውን መግዛት ወይስ አገልግሎቱን መከራየት?

አንድ ነጋዴ ከባሕር ማዶ ሸሪኩ ጋር ፊት ለፊት በምስል እየተያየ ዋጋ ሊነጋገር ይቀመጣል። ውሉ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። መሣሪያውን የሸጠለት ድርጅት ሲጠየቅ ጥፋቱ የመስመሩ ነው ይላል። የቴሌፎኑ ኩባንያ በበኩሉ መስመሩ ደኅና ስለሆነ ዕቃህን አስፈትሽ የሚል መልስ ይሰጣል። ነጋዴው ለሁለቱም ከፍሎ ከሁለት ያጣ ይሆናል።

በቪዲዮ ኮንፈረንስ ንግድ ውስጥ አንድ ራሱን የቻለ ገበያ የተፈጠረው ከዚህ ክርክር ነው። አገልግሎት ሰጪው መሣሪያውን ይተክላል፣ መስመሩን ያቀርባል፣ ተሰብሳቢዎችን ያገናኛል፣ ቀንና ሌሊት ይቆጣጠራል። ደንበኛው ደግሞ በየወሩ ይከፍላል፤ ብልሽት ሲመጣም የሚጠይቀው አንድ ተጠሪ ብቻ ነው። ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም በዚህ ገበያ የከበረም የከሰረም ብዙ ነው።

ስድስት ስልክ ለአንድ ስብሰባ

በምስል መነጋገርን ለገበያ የማቅረቡ ሙከራ አሮጌ ነው። የአሜሪካው ኤ ቲ ኤንድ ቲ "ፒክቸርፎን" የተባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1964 በኒውዮርኩ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ያሳየ ሲሆን፣ በ1970 በፒትስበርግ ከተማ ለንግድ ድርጅቶች በወር 160 ዶላር አቅርቦት ነበር። የሚደወልለት ሰው ተመሳሳይ መሣሪያ ከሌለው ግን ዕቃው ጥቅም አልነበረውም። በዋጋው ላይ ይኸው ተጨምሮበት ገበያው ሳይነሳ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ኤች 320 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲወጣ የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃዎች እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ። በዚያን ዘመን አገልግሎቱ የሚሠራው አይ ኤስ ዲ ኤን በተባለው የዲጂታል ስልክ መስመር ነበር። አንዱ መስመር በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ስለሚያስተላልፍ፣ ለንግድ የሚሆን ምስል ለማግኘት የተለመደው ስድስት መስመሮችን አስተባብሮ 384 ኪሎቢት መሥራት ነበር። እያንዳንዱ መስመር እንደ አንድ ስልክ ጥሪ ስለሚቆጠር የአንድ ደቂቃ ስብሰባ የስድስት ደቂቃ ሒሳብ ያስከፍል ነበር ማለት ነው።

በ1996 የወጣው ኤች 323 ምስሉን ወደ ኢንተርኔት መረቦች አሻገረው። ሒሳቡ ቢቀልም ሌላ ችግር መጣ። የኢንተርኔት መስመር ሁሉንም ጭነት በአንድ ዓይን ስለሚያይ ስብሰባውና የፋይል ልውውጡ ይጋፋሉ። ለንግግር የሚመከረው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሴኮንድ የማይበልጥ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ሰዎች ቃል መነጣጠቅ ይጀምራሉ። ስለዚህ ለምስል ቅድሚያ የሚሰጥ የተለየ መረብ የዘረጋ ሁሉ የሚሸጠው ነገር አገኘ። መቀመጫውን ኒውጀርሲ ያደረገው ዋየር ዋን የዚህ ምሳሌ ነው። በ2000 "ግሎውፖይንት" የተባለውን የምስል መረብ ከፈተና በ2003 የዕቃ ሽያጭ ሥራውን ለሌላ ሸጦ ራሱን በአገልግሎቱ ስም ጠራ።

የሃሎ ሒሳብ

በዚህ ገበያ ከሁሉም የጎላው የሂውሌት ፓካርድ ታሪክ ነው። ኩባንያው ከድሪምዎርክስ አኒሜሽን ጋር ያዘጋጀውንና "ሃሎ" ያለውን የስብሰባ ክፍል በታኅሣሥ ወር 2005 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። ተሰብሳቢው በትክክለኛ ቁመናው በስክሪን ላይ ይታያል፣ መረቡም የኩባንያው የራሱ ነው። ዋጋው ለአንድ ክፍል 550,000 ዶላር ሲሆን የአገልግሎቱ ክፍያ ደግሞ በወር 18,000 ዶላር ነበር።

እዚህ ላይ የነጋዴ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። የወሩ ክፍያ በ31 ወር 558,000 ዶላር ይደርሳል፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የክፍሉን ዋጋ ያልፋል ማለት ነው። ስብሰባ ቢያንስ ሁለት ክፍል ስለሚፈልግ፣ ገዢው ገና ሲጀምር 1.1 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያም በየዓመቱ 432,000 ዶላር ያወጣል። አሥር ሰው በየሳምንቱ በአውሮፕላን ለሚያመላልስ ኩባንያ ይህ ሊያዋጣ ይችላል። በወር ሁለቴ ለሚሰበሰብ ግን "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ነው።

ሲስኮ በ2006 ባለሦስት ስክሪን ክፍሉን በ299,000 ዶላር ይዞ ሲመጣ ፉክክሩ ጦፈ። ሂውሌት ፓካርድም በ2011 የሃሎን ሥራ ጨምሮ የምስል ስብሰባ ክፍሉን ለፖሊኮም በ89 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ።

በዚያው ዓመት፣ ከሲስኮ የወጣው መሐንዲስ ኤሪክ ዩዋን ዙም የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ተራ ኮምፒዩተርና ተራ ኢንተርኔት በቂ ሆኑ። የዙም አክሲዮን በሚያዝያ 2019 በ36 ዶላር ለሕዝብ ቀርቦ፣ ኮሮና ዓለምን ቤት በዘጋበት በ2020 ጥቅምት ከ560 ዶላር በላይ ወጣ። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ከ70 ዶላር በታች ወረደ። ጫፉ ላይ የገዛ ባለአክሲዮን ትምህርቱን በውድ ከፍሏል።

የገበያው ምፀት በዚህ አላበቃም። ፖሊኮም በ2018 በፕላንትሮኒክስ ተጠቅልሎ "ፖሊ" ከተባለ በኋላ፣ በ2022 ፖሊን ዕዳውን ጨምሮ በ3.3 ቢሊዮን ዶላር የገዛው የቀድሞው ሻጭ ኤች ፒ ነበር።

ከመፈረም በፊት

በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት የተዘረጋው ወረዳኔት የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በምስል ስብሰባ ለማገናኘት የታሰበ መረብ ነው። ሩቅ ለሆኑ ወረዳዎች ሳተላይት ያገለገለ ሲሆን፣ ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ድምፅ ደርሶ ለመሰማት ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ይህም ከላይ ከተጠቀሰው ልክ ያልፋል። ጥራትን የሚወስነው የስክሪኑ ስፋት ሳይሆን መንገዱ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ዛሬም በክፍያ የሚተዳደር አገልግሎት አልጠፋም። የተለያዩ ሶፍትዌሮችን የሚያገናኝ፣ የስብሰባ ክፍሎችን ከሩቅ የሚጠብቅና ሲበላሹ የሚደርስ ድርጅት ደንበኛ ያገኛል። ልዩነቱ ገዢው የሚከፍለው ለዕቃ ሳይሆን ለኃላፊነት መሆኑ ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ መታየት ያለበት ኃላፊነቱ በቁጥር መጻፉ ነው።

ለምሳሌ "99.5 ከመቶ ይሠራል" የሚል ውል የሚያኮራ ይመስላል። ወሩ 720 ሰዓት ስለሆነ ግን 3.6 ሰዓት ቢቋረጥም ሻጩ አልተጠየቀም ማለት ነው። 99.9 ከመቶ ሲሆን የተፈቀደው መቋረጥ ወደ 43 ደቂቃ ይወርዳል። መቋረጡ ከዚያ ሲያልፍ ከወሩ ክፍያ ምን ያህል እንደሚቀነስ፣ መስመሩ የሌላ ድርጅት ከሆነ ተጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ውሉ ሲያልቅም መሣሪያው የማን እንደሚሆን መጻፍ አለበት። ይህ ያልተጻፈበት ውል ደንበኛውን መልሶ እዚያው፣ በዕቃ ሻጩና በመስመሩ ባለቤት መካከል ያስቀምጠዋል።

የሃሎ ክፍሎች ባለቤት ሲለዋወጥ ዋጋቸው ቀልጧል። ገዢዎቹ በየወሩ የከፈሉት ግን ተመላሽ የለውም። ወር ቆጥሮ የሚከፍል ነጋዴም በወሩ ያገኘውን መቁጠር ይኖርበታል።