ተጨማሪ መረጃ፦ ከደን የተወለደ የሰዓት ፋብሪካ

በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ጥቁር ደን በተባለው ተራራማ አካባቢ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬዎች በረዶ እርሻ በሚያስፈታቸው ወራት ከእንጨት ሰዓት ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 በዚሁ አካባቢ በሽራምበርግ ከተማ የተቋቋመው የሰዓት ኩባንያ ዩንግሃንስ የዚህ ሙያ ወራሽ ነው። በ1903 በዓለም ትልቁ የሰዓት አምራች ለመሆን በቃ።

በ1918 የተጠናቀቀው የኩባንያው የፋብሪካ ሕንጻ የተራራውን ዳገት ተከትሎ በእርከን የታነጸ በመሆኑ፣ ረቂቅ ሥራ የሚሠሩት ሠራተኞች በቂ የቀን ብርሃን ያገኙ ነበር። ሕንጻው ዛሬ የሰዓት ሙዚየም ሆኗል፤ ኩባንያውም እዚያው ሽራምበርግ ሰዓት ይሠራል፣ በትውልድ ቀየውም ይኮራል። የአገር ተፈጥሮና የአባቶች ሙያ ሲጣመሩ ለኢንዱስትሪ ጽኑ መሠረት ይሆናሉ።

ተወያዩ፦ በአካባቢያችሁ ከተፈጥሮ ሀብትና ከነባር ሙያ የተገኘ ምን ምርት አለ?