«ከማን አንጻር?» አንጻራዊ እንቅስቃሴን ከአሽቀሎን ባቡር ጣቢያ ጀምሮ ማስረዳት

አሽቀሎን ጣቢያ የቆመ ባቡር ውስጥ ተቀምጣችኋል እንበል። ከጎናችሁ ሌላ ባቡር አለ። ድንገት እሱ በመስኮቱ ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል። «ተነሣን!» ትላላችሁ። በሌላው መስኮት የጣቢያውን ምሰሶ ስታዩ ግን እዚያው ናችሁ፤ የሄደው ጎረቤታችሁ ነው።

ዓይናችሁ ዋሸ እንዴ? አልዋሸም። ከዚያኛው ባቡር አንጻር ተንቀሳቅሳችኋል፣ ከጣቢያው አንጻር ደግሞ ቆማችኋል። ሁለቱም ልክ ነው።

ፊዚክስ የማስጠናት አንዲት ተማሪ ፈተና ላይ «በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ባቡር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፍጥነት ስንት ነው?» ተብላ ተጠየቀች። «ዜሮ» ብላ ጻፈች፤ ኤክስ ተደረገባት። «ፊዚክስ ለእኔ አይሆንም፣ በቃ» አለችኝ። ነገር ግን ከባቡሩ አንጻር መልሱ ዜሮ ነው። ጎደሎው ጥያቄው ነበር፤ ከማን አንጻር እንደሆነ አልተናገረም።

ፍጥነትን የምንለካበት መነሻ በዕብራይስጥ «ማዓሬኼት ዪኹስ» ይባላል። «ዪኹስ» የዘር ሐረግ ማለትም ነው። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦ አንቺ ልጅ ነሽ ወይስ አክስት? ለእናትሽ ልጅ፣ ለወንድምሽ ልጅ አክስት። «የማን?» ካልተባለ ጥያቄው መልስ የለውም። ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። ወዲያው ገባት።

ከዚያ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው። ባቡሩ ወደ አሽዶድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በውስጡ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ብትራመዱ፣ ከመሬቱ አንጻር ፍጥነታችሁ 105 ነው፤ ወደ ኋላ ብትራመዱ 95። ከፊት ለፊት በ80 የሚመጣ ባቡር ለእናንተ በ180 ያልፋል። በዚያው በ80 በእናንተ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ ግን በ20 ወደ ኋላ የሚቀር ይመስላችኋል። ተማሪዎች የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ ምልክቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከመደመር በፊት ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ከማን አንጻር እና የትኛው አቅጣጫ ፖዘቲቭ እንደሆነ።

«መሬትስ? እሷ እንኳ በእርግጥ ቆማለች አይደል?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጋሊሊዮ በ1632 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አንሥቷል። በተዘጋ የመርከብ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁና መርከቡ ሳይናወጥ በእኩል ፍጥነት ከሄደ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ እንኳ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ መሄዳችሁን አታውቁም። መሬት በራሷ ዙሪያ ስትዞር አሽቀሎንን በሰዓት 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዛ ትሄዳለች። ለምድር ወገብ የሚቀርበውን ጎንደርን ደግሞ ከ1,600 በላይ። ሆኖም ስኒ ውስጥ ያለው ቡና አይፈስም፤ ስኒውም፣ ጀበናውም፣ እኛም አብረን እንሄዳለን።

ይህ ግን ወሰን አለው። ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት እንወረወራለን፤ ፍጥነት ሲቀየር ዓይናችንን ጨፍነንም እናውቀዋለን። ብርሃንም እንደ ባቡር አይደመርም፤ በ1905 አንስታይን ፍጥነቱ በእኩል ፍጥነት ለሚጓዙ ተመልካቾች ሁሉ አንድ ነው ብሎ ተነሣ። እሱ የሌላ ቀን ትምህርት ነው።

መምህራን ጥያቄ ስታወጡ «ከማን አንጻር» የሚለውን አትርሱ። ወላጆችም ፊዚክስ ባትማሩም ባቡር ላይ ልጃችሁን «አሁን ቆመናል ወይስ እየሄድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ከማን አንጻር?» ብሎ ከመለሰላችሁ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው።