ስለ ባለሥዕል ታሪክና ስለ አሻንጉሊት ጉባኤዎች

በእጃጂ የገበያ ቀን ከአውራው ጎዳና ዳር ሸራ ዘርግተው ከሚነግዱት ሰዎች መካከል የልጆች መጫወቻ የሚሸጥ አይጠፋም። የፕላስቲክ መኪና፣ ፀጉሯ ቢጫ የሆነ አሻንጉሊት፣ ውሃ የሚረጭ ሽጉጥ፣ በፊልም የታወቁ ጀግኖች ምስል ተደርድሮ ይታያል፤ ሁሉም ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ራሱ የሠራትን የሽቦ መኪና እየነዳ መጥቶ ከሸራው አጠገብ ሲቆም አየሁ። መኪናዋ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቈረጠ ጎማ፣ በረጅም ሽቦ የሚዞር መሪ ነበራት። ልጁ ግን የራሱን መኪና ወደ ኋላው ደበቅ አድርጎ የፕላስቲኳን ዋጋ ጠየቀ። ይህ ነገር ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ ስላልወጣ፣ ምክንያቱን ስፈልግ ወደ አንድ ሰፊ ጉዳይ አደረሰኝ። ይኸውም በዓለም ላይ ባለሥዕል ታሪክና አሻንጉሊት የሚወዱ ሰዎች የሚያደርጉት ጉባኤ እንዴት እንደ ተጀመረና እንዴት እንደ ተለወጠ ነው።

በውጭ አገር «ኮሚክ» የሚባለው ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የሚነገር መጽሐፍ ነው። የዚህ መጽሐፍ ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ቀን «ኮሚክ ኮን» ይባላል፤ «ኮን» ማለት ኮንቬንሽን ከሚለው ቃል ያጠረ ነው። በጉባኤው መጽሐፍ ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ደራሲና ሠዓሊ ይናገራል፤ ወጣቶች የሚወዱትን ጀግና ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፤ አሻንጉሊትም ይቀርባል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ እጅግ ትንሽ ነበር። በ1939 በኒው ዮርክ ከተማ የሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢዎች የመጀመሪያውን የዓለም ጉባኤያቸውን ሲያደርጉ የመጡት ሰዎች 200 ያህል ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ የመጪው ዘመን ሰዎች መስለው ለብሰው መጡ፤ ልብሱን የሰፋችው ዳግላስ ራስዋ ነበረች። ዛሬ በየጉባኤው የሚታየው የጀግና ልብስ የመልበስ ልማድ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቈጠራል። በ1961 ደግሞ ጄሪ ቤይልስ የተባለ የዲትሮይት መምህር «ኦልተር ኢጎ» የሚባል የባለሥዕል ታሪክ ወዳጆች መጽሔት አወጣ። የመጀመሪያው እትም የታተመው በማተሚያ ቤት አልነበረም፤ ልክ እንደዚህ እንደ እኛ መጽሔት በማባዣ መኪና ተባዝቶ በፖስታ ለአንባቢ ይላክ ነበር። ገጹ ቢደበዝዝም፣ ቀለሙ ጣት ላይ ቢቀርም፣ በየከተማው ብቻውን ያነብ የነበረው ሰው ብቻውን አለመሆኑን ያወቀው በእንደዚህ ያሉ ወረቀቶች ነው።

በደብዳቤ የተዋወቁ ሰዎች ውለው አድረው መተያየት ይፈልጋሉ። በሐምሌ 1964 በርኒ ቡብኒስ የተባለ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በኒው ዮርክ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለባለሥዕል ታሪክ ብቻ የሆነውን ጉባኤ አደረገ። በ1970 ደግሞ በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ከተማ ሼል ዶርፍ የተባለ ሰው ብዙዎቹ ገና ጎረምሶች የሆኑ ረዳቶች ይዞ ሌላ ጉባኤ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በአንድ ሆቴል ለሦስት ቀን ሲሰበሰቡ የመጣው ሰው 300 ያህል ነበር። ሻጩም ገዢውም አንባቢ ነበር፤ አንዱ የሌለውን ቍጥር ከሌላው ለውጦ ይሄዳል፤ ታዋቂውን ሠዓሊ ጃክ ኪርቢን ያለ ወረፋ ቀርቦ ማነጋገር ይቻል ነበር።

የአሻንጉሊቱ ጉባኤ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በኒው ዮርክ ከ1903 ጀምሮ፣ በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ ደግሞ ከ1950 ጀምሮ የሚደረገው የአሻንጉሊት ትርኢት የነጋዴዎች ነው። አምራቹ የሚመጣውን ዓመት ዕቃ ያሳያል፤ ባለ ሱቁ አይቶ ያዛል። እንግዲህ የሚያስገርመው የመጫወቻ ሁሉ አለቃ የሆነው ልጅ በዚያ ትርኢት ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። በአንድ በኩል ንግድ የሌለበት የወዳጆች ስብሰባ፣ በሌላ በኩል ወዳጅ የሌለበት ንግድ ነበረ ማለት ነው።

እነዚህ ሁለቱ እንዴት ተገናኙ ቢባል፣ ያገናኛቸው በተለይ ሲኒማ ነው። በ1976 የ«ስታር ዎርስ» ፊልም ሠሪዎች ፊልሙ ከመውጣቱ አንድ ዓመት አስቀድመው ወደ ሳን ዲዬጎ ሰው ልከው ሥዕሉን ለጉባኤተኞች አሳዩ። እነዚህ አንባቢዎች ወሬውን ለጓደኛ ሁሉ እንደሚያዳርሱ ዐውቀዋል። በ1977 ፊልሙ ሲወጣ የሕዝቡ ፍላጎት ከተጠበቀው በላይ ስለሆነ፣ ኬነር የተባለው ኩባንያ አሻንጉሊቶቹን ለገና ሊያደርስ አልቻለም። ስለዚህ አሻንጉሊት የሌለበት ካርቶን ከአንድ የምስክር ወረቀት ጋር ሸጠ፤ ገዢው ወረቀቱን መልሶ ሲልክ አሻንጉሊቶቹ በሚቀጥለው ዓመት በፖስታ ይደርሱታል። ሕፃን ልጅ ለገና ባዶ ካርቶን ተቀብሎ ደስ ካለው፣ የተሸጠው ዕቃው ሳይሆን ተስፋው ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ለውጡ ፈጠነ። የሳን ዲዬጎ ጉባኤ በ1991 ወደ ከተማው ትልቅ የስብሰባ ማዕከል ገባ፤ በኋላም የሚመጣው ሰው ከ130,000 በላይ ሆነ። ለትልቅ አዳራሽ ትልቅ ኪራይ ይከፈላል፤ ኪራዩን ሊሸከሙ ከሚችሉት መካከል የፊልምና የአሻንጉሊት ኩባንያዎች ግንባር ቀደም ናቸው፤ የሚከፍልም ሰው ከፊት ያለውን ቦታ ይፈልጋል። ደግሞም ኩባንያዎቹ በዚያ ጉባኤ ብቻ የሚሸጥ፣ ቍጥሩ የተወሰነ አሻንጉሊት ማውጣት ጀመሩ። አንዳንዱ ሌሊቱን ተሰልፎ ይገዛና ከካርቶኑ ሳያወጣ አትርፎ ይሸጠዋል። ልጅ ሊጫወትበት የተሠራ ዕቃ ልጅ እንዳይነካው ተጠብቆ የሚቀመጥ ሀብት ሆነ።

ሌላም ምሳሌ አለ። የ«ትራንስፎርመርስ» አሻንጉሊት ወዳጆች በ1994 በአሜሪካ በፎርት ዌይን ከተማ «ቦትኮን» የተባለውን ጉባኤ በራሳቸው ጥረት ጀመሩ። ውሎ አድሮ ጉባኤው በአሻንጉሊቱ ባለቤት በሐስብሮ ኩባንያ ፈቃድ የሚካሄድ ሆነ፤ በ2017 ደግሞ ኩባንያው የራሱን ጉባኤ በራሱ ስም አደረገ። እንግዳ የነበረው ባለቤት ሆነ፤ ጠሪው ደግሞ ተጠሪ ሆነ።

ይሁን እንጂ ለውጡን ሁሉ መኰነን ትክክል አይደለም። ትልቅ አዳራሽ በመገኘቱ ድሮ በጥቂት ጎረምሶች የተያዘው ስብሰባ ለሴቶችም፣ ከነልጆቻቸው ለሚመጡ ወላጆችም ተከፍቷል፤ ሠዓሊዎችም ሥራቸውን ሸጠው ይኖሩበታል። ትልቅነትም ራሱ ጥፋት አለመሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ ከጃፓን እናገኛለን። በታኅሣሥ 1975 በቶኪዮ «ኮሚኬት» የተባለ ገበያ ሲከፈት የቀረቡት የሠዓሊዎች ቡድኖች 32፣ የመጣው ሰው 700 ያህል ነበር። በታኅሣሥ 2019 በአራት ቀን ውስጥ የመጣው ሰው 750,000 ደረሰ። ነገር ግን እስከ ዛሬ የገበያው ዋና ነገር ግለሰቦች በራሳቸው ወጪ አሳትመው የሚያመጡት መጽሐፍ ነው። ሥራውን የሚያካሂዱት በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ ሻጩም ገዢውም አስተናጋጁም እኩል «ተሳታፊ» ይባላሉ እንጂ ደንበኛ የሚባል የለም። ስለዚህ የጉባኤን ጠባይ የሚወስነው የሰው ብዛት ሳይሆን ከፊተኛው ጠረጴዛ የሚቀመጠው ማን ነው የሚለው ነው።

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የሳን ዲዬጎ ጉባኤ ከተመሠረተ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳይሰበሰብ ቀርቶ በኢንተርኔት ተደረገ። በአህጉራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የሌጎስ ኮሚክ ኮን በ2012፣ የጆሃንስበርጉ ደግሞ በ2018 ተጀምረዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በተከታታይ ሥዕል ታሪክ መናገር ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ክፍል ከፋፍለው በአንድ ሸራ ላይ የሚሥሉት ባህላዊ ሠዓሊዎቻችን፣ ከየሥዕሉ በታች ቃል እየጻፉ፣ ኮሚክ የሚባለውን ነገር በራሳቸው መንገድ ሲሠሩት ኖረዋል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት ደግሞ ፀሐይ የምትባለውን የቀጭኔ አሻንጉሊት የአገሩ ልጆች ሁሉ ጓደኛ አድርጓታል። በ2018 ብሥራት ደበበ ያቋቋመው ኤታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ቀጥሎም «ሐዊ» የተባለች ጀግና መጣች። ሐዊ የሚለው ስም ለምዕራብ ሸዋ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ በየክፍሉ አንዲት ሐዊ አትጠፋም። ልጅ የራሱን ስም በጀግና ላይ ሲያገኝ የሚሰማውን ደስታ መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ታሪክም ሠዓሊም አለን። ነገር ግን የእኛ አገር የአሻንጉሊት ትርኢት እስካሁን በይበልጥ በየበዓሉ ዋዜማ የሚደረገው ባዛር ነው። በዚያም ልጅ የሚመጣው ሊገዛ ወይም ሲገዛለት ሊያይ ነው እንጂ የሠራውን ሊያሳይ አይደለም። በእጃጂና በባኮ አካባቢ፣ በቆሎ በሚበቅልበት አገር፣ ልጆች ከአገዳ ጋሪ፣ ከበቆሎ ቅጠል አሻንጉሊት፣ ከጭቃ በሬ፣ ከሽቦ መኪና ይሠራሉ። ይህን ሁሉ የሚያይላቸውና «እንዴት አድርገህ ሠራኸው?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ያለበት ጠረጴዛ ግን የለም። ያ ልጅ መኪናውን የደበቀው መጥፎ ስለሆነች አይመስለኝም። በሸራው ላይ የተደረደረው ብቻ መጫወቻ ተብሎ ሲጠራ ስለሰማ፣ የእርሱ ስም የሌላት መስላው ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን አቀርባለሁ። የሳን ዲዬጎን አዳራሽ እንመኝ አልልም፤ የ1964ቱ አንድ ክፍል ይበቃናል። በዓመት አንድ ቀን፣ ከምግብ ቤቱ በተዋስናቸው ጠረጴዛዎች ላይ፣ መሣል የሚችል ተማሪ የሣለውን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በማባዣ መኪና አባዝቶ ያምጣ። በአካባቢው ያሉ ልጆችም የሠሩትን መጫወቻ ይዘው ይጠሩ። ከኩባንያ ርዳታ ቢገኝ አንጠላም፤ ሆኖም ከፊተኛው ጠረጴዛ የሚቀመጠው የሠራው ሰው ይሁን፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ቀን በደንብ ጽፈን እንወስን፤ ሌሎቹ ቦታውን ያጡት ሳይጽፉት በመቅረታቸው ነውና። የሽቦ መኪና ከየት ወገን እንደሚጣመም የሚያስተምረን ሰው ያስፈልገናል፤ እርሱንም የት እንደምናገኘው ከዚህ በላይ ተናግሬአለሁ።